ዕዳ ያለበት ሰው ቤት ሲፈልግ

(ድሬዳዋ ውስጥ ለተሰበሰቡ ተከራዮችና አከራዮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሙቀቱ በርትቷል፣ በሩ ክፍት ይሁን። የባጃጁን ጩኸት እኔ እችለዋለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚያወራው ጉዳይ ነው። ብድር ወስዶ መክፈል ያቃተው ሰው አለ። ደረቅ ቼክ ጽፎ ስሙ የተበላሸ ነጋዴ አለ። ለባንክ ያስያዘው ቤት በሐራጅ የተሸጠበት አለ። የሰው ኪራይ ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ የወጣም አለ፤ መቼም አንዋሻሽም። ይሄ ሁሉ ሰው ነገ ማደሪያ ይፈልጋል። ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት። ቤት ለማየት ሲሄድ ግን ወሬው ቀድሞት ይገባል።

እኔ ለዓመታት በአንድ አበዳሪ ተቋም ብድር ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ ሰዎች የኪራይ ውል ሲዋዋሉ አግዛለሁ። ስለዚህ የሚያበድረውንም፣ የሚያከራየውንም፣ የሚለምነውንም ፊት አይቻለሁ። የታዘብኩትን ከአሁኑ ልንገራችሁ። አከራይ የሚፈራው ሦስተኛውን ወር ነው። የመጀመሪያውን ወር ሁሉም ይከፍላል። ሁለተኛውም እንደምንም ይወጣል። ሦስተኛው ላይ "ደመወዝ ዘግይቶብኝ ነው" ይመጣል፣ ከዚያ ስልክ አለማንሳት ይከተላል። የድሮ ዕዳችሁ አከራዩን የሚያስጨንቀው ይሄንን ቀን ስለሚያስታውሰው ብቻ ነው። ስለ ሦስተኛው ወር መልስ ይዞ የሄደ ሰው ዕዳ እያለበትም ቤት ያገኛል። አይቻለሁ።

ስለ መዝገቡ እንጀምር። ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች ለማን ምን ያህል እንዳበደሩ፣ ማን በጊዜው እንደሚከፍል፣ ማን እንዳቋረጠ ወደዚያ ይልካሉ። ለአዲስ ሰው ከማበደራቸው በፊትም እዚያው ያጣራሉ። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በባንክ ሰዎች አነጋገር የተበላሸ ብድር ነው። ድሬዳዋ ላይ የተበላሸው ብድር ጅማ ላይም ይታያል። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ተሻግሮ "አዲስ ደንበኛ ነኝ" ማለት ቀርቷል።

ይህን መዝገብ የሚያዩት ግን አበዳሪዎች ናቸው። ሳቢያን ላይ ሁለት ሰርቪስ ቤት የሚያከራዩት እማማ አያዩትም። ደላላውም አያየውም። "ብድር ስላለብኝ ቤት እንዳልከራይ ተከልክያለሁ" የሚል ሰው ገጥሞኝ ያውቃል። የከለከለው ማንም የለም። የነገረው ሰው አስፈራርቶት ነው።

እማማ ታዲያ በምን ያውቃሉ? በሰው ነዋ። ዋስ የሆነላችሁ የሥራ ባልደረባ ደመወዙ ሲቆረጥበት ዝም አይልም፣ ዝም ይበል ማለትም አይቻልም። የሐራጅ ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ደላላው ማን ከየት ግቢ በምን ምክንያት እንደወጣ በቃሉ ያውቃል። ከዚራ ላይ የተበላሸ ነገር በበርጫ ሰዓት ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ይገባል። ከተማችን እንዲህ ናት፣ አቦ!

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ እኔ የባንኩን መዝገብ እመርጣለሁ። እዚያ ያለው ቁጥርና ቀን ነው። ስህተት ካለበት ማስረጃ ይዤ እከራከራለሁ። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማስታረም መብት ይሰጠዋል። የሰፈር ወሬን የት ቢሮ ሄጄ ላስታርመው? "ሠላሳ ሺህ ነበረበት" የተባለው በሳምንቱ ሦስት መቶ ሺህ ይሆናል። ሰውዬው ከፍሎ የጨረሰ ቀን ደግሞ የሚያወራለት ይጠፋል።

ስለዚህ እናንተው ቀድማችሁ ንገሩ። በሩ ላይ ቆማችሁ፣ ገና ሰላም ስትሉ አይደለም እርግጥ። ቤቱን አይታችሁ፣ ዋጋው ተስማምቷችሁ፣ "እንግዲህ እንጨርስ" ከመባሉ በፊት ነው። የሕይወት ታሪክም አታውሩ። ምን እንደገጠማችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ዕዳው አሁን የት እንደደረሰ፣ ኪራዩ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ። የመጨረሻውን በደንብ አስረዱ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ለሰዓት ያህል ያወራና ለመጨረሻው "እግዚአብሔር ያውቃል" ወይም "አላህ ያመጣዋል" ብሎ ይዘጋዋል። እሱማ ያመጣል። አከራዩ ግን በስንተኛው ቀን እንደሚመጣ ማወቅ ይፈልጋል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር ላንሳላችሁ። ስሙን አልጠራም። ባጃጁን የገዛው በብድር ነበር። ሞተሩ ነከሰና ጋራዥ ቆመ። ሥራ ሲቆም ክፍያው ተወዘፈ። በመጨረሻ ባጃጁ ተወሰደ፣ የቀረው ዕዳ ከዋሱ ደመወዝ ይቆረጥ ጀመር። ይህ ሳያንስ የሚኖርበትን ቤት አከራዩ ለልጁ ማግቢያ ፈለገው።

ይሄ ልጅ ስልኩ ላይ አንድ ምክር አየ። የብድር ታሪክህ መጥፎ ከሆነ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ አቅርብ፣ አከራዩ ያምንሃል የሚል። ምክሩ ከውጭ አገር የመጣ ነው። ጅቡቲ ካለች እህቱ ተበደረና ገንዘቡን ይዞ ሄደ። አከራይቱ ብሩን አዩት። ከዚያ እሱን አዩት። "አንተ ልጅ፣ ይሄን ያህል ካለህ የሰው ዕዳ ለምን አልከፈልክም?" አሉት። ቤቱን ከለከሉት።

እውነታቸውን ነው። የስድስት ወር ብር የሚናገረው ስለ ዛሬ ነው። ሰባተኛው ወር እንዴት እንደሚከፈል አይናገርም። በዚያ ላይ ሕግም አለ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይላል። እኛ ከተማ ላይ ስድስት ወር ቅድሚያ የሚጠይቅ አከራይ ሕግ ይጥሳል። የሚያቀርብ ተከራይም ራሱን አራቁቶ ነው የሚገባው፤ ነገ ልጅ ቢታመምበት ኪሱ ባዶ ነው።

ልጁ በኋላ ቤት አገኘ። የሰው ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ነበር፣ ገቢውን ለባለቤቱ አስገብቶ የተረፈውን ይይዛል። እንግዲህ ገንዘብ የሚያገኘው በየቀኑ ነው። በወር አንዴ ትልቅ ብር አውጣ ሲባል ነው የሚቸገረው። "ኪራዩን ለሁለት ከፍዬ በየ15 ቀኑ ልስጥ" አለ። ከአበዳሪው ጋር አዲስ የክፍያ ጊዜ የተስማማበትን ወረቀት አሳየ። የድሮ አከራዩን ስልክ ሰጠ። እነዚህ ሦስት ነገሮች የስድስት ወር ብር ያላስገኘውን ቤት አስገኙ።

ይሄን ልብ በሉልኝ። ደመወዝተኛ ከሆናችሁና ደመወዝ ወሩ መጨረሻ ላይ የሚገባ ከሆነ፣ ኪራዩ በ25 የሚከፈል ቤት አትግቡ። በ5 ይሁንልኝ በሉ። አብዛኛው አከራይ ቀኑን ለመቀየር አይጨቀጭቅም፤ እኛ ነን የማንጠይቀው። ከዚያ በየወሩ ስንዘገይ እንገኛለን፣ ጥፋቱም የኛ ይመስላል። ዕቁብ የምትጥሉ ደግሞ የዕቁቡንና የኪራዩን ቀን አታጋጩ።

አሁን ወደ ዋስ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ወዳጅነት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ስሙ የተበላሸ ሰው ቤት ሲፈልግ አከራዩ "ተያዥ አምጣ" ይለዋል። ሰውዬው ወደ አጎቱ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ጓደኛው፣ ወደ አፎሻው፣ ማለትም ወደ ዕድሩ ሰዎች ይሄዳል። ወዳጅ ነውና እሺ ይላል። ወረቀት ይቀርብለታል፣ ሳያነብ ይፈርማል። ወረቀቱ ላይ "ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ" የሚል ነገር አለ። ሁሉ ማለት ምን ያህል ነው? ኪራይ ብቻ? መብራትና ውሃስ? የተሰበረው መስኮትስ? ማንም አያውቅም።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለዚህ መልስ አለው። አንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት ይላል። ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ ዋስ እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ይሄንን ስነግራቸው አከራዮች ደነገጡ፣ ዋሶች ፈገግ አሉ። አሁንም ፊታችሁን እያየሁ ነው! ሁለታችሁም አትቸኩሉ። ለሁለታችሁም የሚጠቅም ነገር ነው። ኪራዩ 6,000 ብር ነው እንበል። ዋሱ "እስከ 18,000 ብር ድረስ" ብሎ ይፈርም። አከራዩ ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚቆም ወረቀት ይኖረዋል። ዋሱም ቢከፋ ቢከፋ የሚያጣውን አውቆ ይተኛል። ዋስትና በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም አትርሱ፤ "እኔ አለሁለት፣ ግድ የለም" የሚል የስልክ ቃል ደግነት ነው እንጂ ዋስትና አይሆንም።

ሌላም አለ። ወረቀቱ ላይ "በአንድነትና በነጠላ" የምትል ሐረግ ካለች ቆም በሉ። ተራ ዋስ ከሆናችሁ መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይታይልኝ ማለት ትችላላችሁ። በአንድነት ከፈረማችሁ ግን አከራዩ ተከራዩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል። አንዲት ሐረግ ናት። የስንቱን ቤት በጠበጠች መሰላችሁ።

ዋስ ፈላጊዎች ሆይ፣ የፊተኛው ዋሳችሁ ደመወዝ እየተቆረጠ ከሆነ ያንን ደብቃችሁ አዲስ ዋስ አትለምኑ። ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው ሰው አፍ ይሰማዋል። ያኔ ዋሱንም ታጣላችሁ፣ ቤቱንም ታጣላችሁ፣ ልቅሶ ቤት ፊት ለፊት መቀመጥም ያሳፍራል። አንዳንዱ ተከራይ ይህን ሁሉ ፈርቶ ከተከራይ አከራይ ይገባል። አንድ ሰው ግቢ ተከራይቶ ክፍሎቹን ቆርሶ ያከራያል፣ ስለ ዕዳም አይጠይቅም። አለመጠየቁ ደስ ይላል። ባለቤቱ መጥቶ "አንተ ማነህ?" ያለ ቀን ግን በእጃችሁ ምንም የለም። ስለዚህ ከማን እንደምትከራዩ እወቁ፤ የቤቱን ካርታ ወይም የባለቤቱን ውክልና አሳዩኝ በሉ። እናንተን ስለ ዕዳ የሚጠይቋችሁ ከሆነ፣ ቤቱ ባንክ ተይዞ እንደሆነ እናንተም ብትጠይቁ ነውር የለውም። በ1990 በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ የተያዘን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

አከራዮችም መጥታችኋልና እናንተንም ልንካችሁ። ጥያቄዎቻችሁን ሰምቻለሁ። ስንት ልጅ አለህ? እንግዳ ይበዛብሃል? ትቅማለህ? ድሬዳዋ ላይ ይህን መጠየቅ እንኳን ድካም ነው፤ ይልቅ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚጨርስ ጠይቁት። ውሃ ታበዛለህም አለ። ኪራዩን ከየት ነው የምትከፍለው የሚለው ግን ሲጠየቅ እምብዛም አልሰማም። ወሬ የሰማችሁበትን ሰው በወሬው ብቻ ከመመለስ "እንዲህ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው?" በሉት። እንዴት እንደሚመልስ ስታዩ ብዙ ትረዳላችሁ።

የድሮ አከራይ ስትጠይቁ ደግሞ አሁን ያለበትን ግቢ ባለቤት ብቻ አትጠይቁ። ተከራዩን ማስወጣት የፈለገ አከራይ "እንደሱ ያለ ልጅ የለም፣ መልአክ ነው" ይላችኋል። ለምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት የነበረበትን ጠይቁ። እሱ የሚደብቀውም የሚያተርፈውም የለም።

ወደ አዋጁ ልመለስ፤ ለባለዕዳ ተከራይ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው። አዋጅ 1320 የፌዴራል ነው። ክልሎች በየትኞቹ ከተሞቻቸው እንደሚሠራ ይወስናሉ፤ ድሬዳዋ ግን እንደ አዲስ አበባ በቀጥታ ይመለከታታል። ከሐረር የመጣችሁ የክልላችሁን ውሳኔ ጠይቁ። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዝገብ ይላል። ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ። ከቅድሚያ ክፍያው ውጪ ያለው ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል።

ይህን ሁሉ ስሰማ እኔ የታየኝ የኪራይ ታሪክ ነው። እስከ ዛሬ የድሬዳዋ ተከራይ ሃያ ዓመት ሳይዘገይ ቢከፍል የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል፣ "ተቀብያለሁ" እንኳ አይጻፍም። ብድር ሲያበላሽ ግን በማግስቱ ተመዘገበ። መጥፎው ተጽፎ ጥሩው ሳይጻፍ ሲቀር ሰው እንዴት ስሙን ያድሳል? አሁን የተመዘገበ ውል ካላችሁና የ24 ወር የባንክ ዝውውር ካላችሁ፣ ለቀጣዩ አከራይ የምትዘረጉት ነገር አላችሁ። "በ2015 ብድር ተበላሽቶብኛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ይኸውና" ትላላችሁ። አበዳሪ ጋ ስትሄዱም ይጠቅማል። እኔ ብድር ክፍል ሳለሁ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያመጣ ሰው ቢኖር ኖሮ ፋይሉን ሁለቴ አነበው ነበር።

በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ስትልኩ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ባዶ አትተዉት። "የጥቅምት ኪራይ" ብላችሁ ጻፉ። ደረሰኙን በስልካችሁ ብቻ አትያዙት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ታይዋን ገበያ ሲሸጥ ታገኙታላችሁ። በየስድስት ወሩ የባንክ መግለጫ አሳትሙ።

እውነቱን ለመናገር ብዙ አከራይ ውል ማስመዝገብ አይወድም። የኪራይ ግብሩን ይፈራል። ዕዳ ያለበት ተከራይ ደግሞ አንገቱን ስለደፋ "እሺ፣ በቃል ይሁን" ይላል። ውል አጥብቆ መያዝ ያለበት እሱ ነበር። ያለ ውል የገባ ሰው ነገ ጭማሪ ሲመጣ መሄጃ የለውም፣ እንደገና ደላላ፣ እንደገና ወሬ። በቃል ውል የሚያጠራቅመውም ታሪክ የለም።

ወጣቶች በስልክ ስለምትበደሩት ትንሽ ብር አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ከ2014 ጀምሮ ቴሌብር ላይ መላና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮች አሉ፣ ሌሎችም መጥተዋል። ለድንገተኛ ነገር ጥሩ ናቸው። አንድ ሺህ ብር ሲሆን "ዕዳው ገብስ ነው" ይባላል። ኪራዩን በየወሩ በብድር መሙላት ከጀመራችሁ ግን ቤቱ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ወደ መልካ ጀብዱ ወጣ ብላችሁ አነስ ያለ ፈልጉ።

(እዚህ ላይ አንድ ወጣት ከኋላ እጁን አወጣ። አሜሪካ ያለች እህቱ ሥራም ገንዘብም እያላት ቤት እንደተከለከለች ነገረን፤ "ለምን?" አለ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ አከራይ ራሱ የብድር ታሪካችሁን ያያል፣ እናንተ ፈቅዳችሁ ማለት ነው። ኤክስፔሪያን፣ ኢኩዊፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ትልልቅ ድርጅቶች መረጃውን ይይዛሉ። ከዚያ ነጥብ ይወጣል። ፋይኮ የሚባለው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው። ምን ያህል ነጥብ ይበቃል የሚለውን እያንዳንዱ አከራይ ይወስናል። ብዙዎቹ ደግሞ ገቢሽ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሁን ይላሉ።

እህትህ ምናልባት ዕዳ የለባትም። አዲስ የገባ ሰው ታሪክ ስለሌለው ብቻ ይመለሳል። እኛ አገር ያልተበደረ ሰው ይከበራል፣ እዚያ ያልተበደረ ሰው አይታወቅም። ግን መብት አላት። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው ሕግ መሠረት አከራዩ በዚያ መረጃ ምክንያት ከከለከላት ሊነግራት፣ መረጃውን ከየትኛው ድርጅት እንዳገኘም ሊገልጽላት ይገባል። በ60 ቀን ውስጥ ከጠየቀች ቅጂውን በነፃ ታገኛለች። ስህተት ካየች ትከራከራለች፣ ድርጅቱም አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። እውነተኛ የሆነ መጥፎ መረጃ በአብዛኛው 7 ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ የኪሳራ መዝገብ እስከ 10 ዓመት።

ዋስ የሚሆናት ሰው ካለ እዚያም ይሠራል፤ አብሮ የሚፈርም ይሉታል። "ብዙ መያዣ ላስይዝ" ማለት ግን ሁሉም ቦታ አይፈቀድም። የኛ ሰው የበዛበት ዋሽንግተን ዲሲ መያዣ ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ሜሪላንድም ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአዲስ ውል እንደዚያው ነው። ስለዚህ ያ የስድስት ወር ምክር በተወለደበት አገር እንኳ በየቦታው አይሠራም። ይልቅ ከሦስቱ ድርጅቶች ለአንዱ የኪራይ ክፍያ የሚያሳውቅ አከራይ ብታገኝ ይሻላታል።

ዱባይ ያላችሁ ዘመዶች ካሉ፣ እዚያም ከ300 እስከ 900 የሚሄድ የብድር ነጥብ አለ። ኪራይ ብዙ ጊዜ ቀኑ ወደፊት በተጻፈ ቼክ ስለሚከፈል፣ የተመለሰ ቼክ ያለበት ሰው ይቸገራል። ስለ ዱባይ ይህ ይበቃናል፣ ሰዓቱም ሄዷል።

(በመጨረሻ አንዲት እናት ተነሡ። ሁለት ክፍል እንደሚያከራዩ፣ ተከራያቸው የባንክ ዕዳ እንዳለበት ከገባ በኋላ እንደሰሙ ነገሩን። "ሳይነግረኝ ነው የገባው፤ ላስወጣው እችላለሁ?" አሉ።)

እማማ፣ ኪራዩን ይከፍላል?

"ይከፍላል።"

ስንት ወሩ ነው?

"ሰባት ወር።"

ዘግይቶ ያውቃል?

"አንዴ፣ የአረፋ ሰሞን። ሦስት ቀን።"

(ሳቅ።)

እንግዲያው በዚህ አያስወጡትም። ተከራይ ውሉ ሳያልቅ የሚወጣው ኪራይ ሳይከፍል ሲቀር፣ ቤቱን ሲያበላሽ፣ ለሌላ ነገር ሲያውለው፣ ጎረቤት ሲያውክ ነው። ለባንክ ያለበት ዕዳ የባንኩና የሱ ጉዳይ ነው። የሐሰት ደብዳቤ አቅርቦ፣ የሌለ ዋስ አስፈርሞ ገብቶ ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ ያን ጊዜ የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። ዝም ስላለ ብቻ ግን ሰባት ወር የከፈለ ሰው አውጥተው ማንን ሊያስገቡ ነው? አዲሱንም እኮ አያውቁትም። ልቦናዎ ካልረጋ ይጥሩትና ይጠይቁት፣ ከአበዳሪው ጋር የተስማማበት ወረቀት ካለ ያሳይዎት። እስከ ስንት ብር እንደሆነ የተጻፈበት ዋስ እንዲያመጣም ማነጋገር ይችላሉ።

ውላችሁ ተመዝግቧል?

"ኧረ እኛ በቃል ነው የተስማማነው።"

ሕጉ የሰጠው 30 ቀን ነበር፣ እማማ። ሰኞ ጠዋት ተከራዩን ይዘውት ይሂዱና በጽሑፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡት። መታወቂያችሁን፣ የቤቱን ካርታና ሁለት ምስክር አትርሱ።